ለአባትና ለልጅ የሚሆን ክፍል

ሮቤ፣ ሰኔ 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለእህቴ ለፈርዶሳ፤

አሰላሙ አለይኩም። አንቺ፣ ባለቤትሽ አብዶ፣ ልጆቻችሁ፣ ከሁሉም በላይ አደራ ያልኩሽ ልጄ ፈይሩዝ እንዴት ናችሁ? አሰላ ዝናቡ ገባ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ከተፈታሁ ወር አልፎኛል። እስከ ዛሬ ዝም ማለቴን ይቅር በይኝ፤ አድራሻ የሌለው ሰው ደብዳቤ ቢጽፍ መልሱ የት ይደርሰዋል ብዬ ነው።

የት እንደማድር በሰው ልከሽ ጠይቀሽኛል። ወዚር ዘንድ ነኝ። ወዚርን አትረሺውም፤ እኔና እህትሽ ጁሀራ በተጋባን ቀን ከሙሽራው በላይ የጨፈረው እሱ ነው። ዛሬ እህል ነጋዴ ሆኗል። ቀን ቀን የተቀደደ ጆንያ እሰፋለታለሁ፣ ሲመሽ እዚያው ጆንያው ላይ እተኛለሁ። ስፌቱን የተማርኩት ጎባ እስር ቤት ነው።

«ለምን ሲናና ወደ አባትህ ቤት አትመለስም?» ላልሽውም መልስ አለኝ። የዳቢሴ አጥርና የአባቴ አጥር አንድ ነው። በሬ ገብስ ውስጥ ገባ አልገባ ተባብለን እኔ ዱላ ያነሳሁት፣ እሱም ወድቆ ያልተነሳው እዚያው አጥር ሥር ነው። ጉማው፣ የደም ካሳው፣ ወጥቷል፤ እኔ እስር ላይ ሳለሁ ወንድሞቼ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው የደሙን እርቅ ፈጽመዋል። ከተፈታሁ በአራተኛው ቀን ራሴም ሄጄ እናቱ እግር ላይ ወድቄያለሁ፤ ከአንድ ገበታም በልተናል። ሽማግሌዎቹ ግን «እናትየዋ በሕይወት እስካለች ምንጭ ስትወርድ ፊትህን አትይ፤ ከተማ ግባ» አሉኝ። ልክ ናቸው።

እንግዲህ ከተማ ገባሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ከመናኸሪያው ጀርባ አራት ክፍል የሚያከራይ አሊዪ የሚባል ሰው ዘንድ ነው። «እስካሁን የት ነበርክ?» አለኝ። እንደወጣሁ ላልዋሽ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበርና እውነቱን ነገርኩት። ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ማሻአላህ! እንዳንተ ያለ እውነተኛ ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝ። በማግሥቱ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጠው።

ሁለተኛዋ አከራይ የቀበሌ መታወቂያ አምጣ አለችኝ። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው የአከራይህን ስም አምጣ፣ ከነበርክበት ቀበሌም መሸኛ ያስፈልጋል አለኝ። እኔ ያለኝ የመፈቻ ወረቀት ነው። በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ መለሰልኝ። ሦስተኛው ቤት በር ላይ እውነቱን ሳልጨርስ ሴትየዋ ልጆቿን ወደ ውስጥ መጥራት ጀመረች። ሳልሰናበታት ሄድኩ።

ለፈይሩዝ አሁንም ሞያሌ ለንግድ እንደሄደ ነው በያት። ያን ቀን ጁሀራ ልጅቱን ይዛ ወደ አንቺ ስትሸሽ ያለቻት ይህን ነው፤ ጁሀራ ከሞተች ወዲህ ደግሞ የሟች ቃል ሆኖብን ልንነካው ፈራን። ቤት ሳገኝ ከሞያሌ ተመለስኩ ብዬ እቀበላታለሁ። ይህ አልዋሽም ካልኩት ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ።

ከሊል

---

አሰላ፣ ሰኔ 27 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከሊል፤

ወአለይኩሙ ሰላም። ሁላችንም ደኅና ነን፤ ዝናቡም ገብቷል። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። አንተ ሰው! ማን ነው ቤት ሊከራይ ሄዶ ዳኛ ፊት እንደቆመ ቃሉን የሚሰጥ? ሰው የጠየቀህን መልስ፣ ያልጠየቀህን ዋጠው። ጁሀራ ብትኖር ይህን ነበር የምትልህ፤ ከእኔም ብሳ ትጮህብህ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ተቀምጠህ አንብበው። አብዶ አንድ ደላላ አግኝቷል፤ ሴቶችን በዑምራ ቪዛ ጂዳ አስገብቶ ቤት ሠራተኛ የሚያስቀጥር። ፈይሩዝን ፎቶ አስነስቷታል። ዕድሜዋን ሃያ ሁለት ብለው ሞሉ። «አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሻሽ ስታስር ትልቅ ትመስላለች» አለኝ። እሷ አልሄድም ብላለች። ሳህን ስታጥብ ታለቅሳለች፤ ስገባ ውኃ ነው ትለኛለች።

አብዶ ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቀዋለህ። የጋሪው ፈረስ ከሞተ ወዲህ አምስት ልጅና አንድ አደራ ከብዶታል። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን የደረስንበት ይህ ነው። «አባቷ ቤት ካለው የአባቷ ናት፤ ማንም አይነካትም። ጆንያ ላይ ለሚተኛ ወንድ ግን ሴት ልጅ አልሰድም» አለ። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ጠብቆ ሊያይ ምሎልኛል።

ቤት ፈልግ፣ ከሊል። ትልቅ አይሁን፤ በር ያለው ብቻ ይሁን።

ፈርዶሳ

---

ሮቤ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈርዶሳ፤

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። ልብሽ እንዳይንጠለጠል ዋናውን ላስቀድም፤ ቤት አግኝቻለሁ።

ባለቤቷ አዴ ሙሉካ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። «የት ነበርክ?» አለችኝ። «ጎባ» አልኳት። «ምን ስትሠራ?» «ስፌት።» «ሚስትህስ?» «ሞታለች።» «የእኔም ሞቷል» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። ወዚር ዋስ ሆነልኝ።

ምክርሽን ሰማሁ ማለት ነው። አንዲት ውሸት አልተናገርኩም። ቢሆንም ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ መሬት ሲነካ ያቺ «ጎባ» የምትለው ቃል ትመጣብኛለች። እውነት ስናገር በሩ ተዘጋ፤ እውነቱን ግማሽ ሳደርገው ተከፈተ። ይህን የከፈተው ማን ነው? አላህ ነው እንዳልል እፈራለሁ፤ አይደለም እንዳልልም ጣሪያው ሥር ነኝ።

ስለ ክፍሉ ማወቅ ትፈልጊ ይሆናል። ቆርቆሮው አያፈስም። ርዝመቱ ሰባት እርምጃ ነው፣ ወርዱ አምስት። መስኮቱ በሲናና በኩል ያለውን የስንዴ ማሳ ያሳያል፤ ለልጅቱ ደስ ይላታል፣ እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጣለሁ። ከጎኔ ያለውን ክፍል ሸዋርጋ የምትባል አስተማሪ ተከራይታለች። የጎባ ልጅ ናት፣ ክርስቲያን፤ ሰው አክባሪ።

ዛሬውኑ ላኪያት ልል ነበር። ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ካንድ ሰሌን በቀር ምንም የለም። አናጢ አልጋ እየሠራልኝ ነው። ሰባት ዓመት ያላየኋትን ልጅ በባዶ መሬት ልቀበላት? እስከ ነሐሴ 12 ታገሺኝ።

ከሊል

---

አሰላ፣ ሐምሌ 23 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከሊል፤

አልጋ! ልጅቱ አልጋ አማረኝ አለችህ? በል እሺ፣ ወንድ ልጅ አንዴ ካሰበ አይመለስ።

ቤት አገኘ ስላት ፈይሩዝ ጎረቤት ሁሉ ዞራ አወራች። ይህን የታሸገ ወረቀት ለአንተ ሰጥታኛለች። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ነው የጻፈችው። አንተ በታሰርክበት ዓመት ነው በእሱ መማር የጀመረችው፤ እኔና አንተ ደግሞ በዚህኛው ፊደል ተምረን የገዛ ኦሮምኛችን በልጆቻችን እጅ ሲጻፍ ማንበብ አቃተን። አብዶም አይችልም፤ ለዚያ ይመስለኛል ደስ እያላት ያሸገችው። እዚያ የሚያነብልህ አታጣም።

አብዶ ቃልህን ከእጅህ ጽሑፍ ካላየሁ አላሳፍራትም ብሏል። «ላኳት» የምትል አንዲት መስመር ትበቃናለች። አታዘግይ።

ፈርዶሳ

---

ሮቤ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈርዶሳ፤

ሰላምታዬን ማሳጠሬን ይቅር በይኝ። ፈይሩዝን አትላኪያት። ቤት የለኝም።

ደብዳቤዋ ቅዳሜ ደረሰኝ። ቀኑን ሙሉ በደረት ኪሴ ይዤው ዋልኩ። ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ሸዋርጋ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች፤ አዴ ሙሉካ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። «አስተማሪ፣ የልጄ ደብዳቤ ነው፤ አንብቢልኝ» አልኳት።

አዴ ሙሉካ ሳቀች። «ጉድ እኮ ነው! ለኦሮሞው ኦሮምኛ የምታነብለት ሸዋርጋ!»

«ምን ላድርግ፣ አዴ፣» አለች ሸዋርጋ፣ «እናንተ ስታርሱ እኔ ተማርኩላችሁ።»

ሁላችንም ሳቅን። ፈርዶሳ፣ በዚያ ግቢ አብረን ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅነው ያኔ ነው።

«አባ ኮ»፣ አባቴ፣ ብላ ትጀምራለች። የልጄ ድምፅ አሁን ምን እንደሚመስል አላውቅምና የሸዋርጋን ድምፅ ወሰድኩላት። ስለ ትምህርቷ ጻፈች፣ ስለ አንቺ ልጆች ጻፈች። ቀጥላ እንዲህ አለች፦ «አባ፣ ሞያሌ እንዳልነበርክ አውቃለሁ። የላክኸው ፖስታ ሁሉ የጎባ ማኅተም አለበት። አክስቴ ፖስታውን ትደብቃለች፣ እኔም እንዳላየሁ እሆንላታለሁ። ሞያሌ በጣም ይሞቃል ብለህ የጻፍክ ጊዜ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር።» እኔም ሳቄ መጣ። ከዚያ ሸዋርጋ ድንገት ማንበቧን አቆመች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ቀድሟት ሄዶ ኖሯል።

«ቀሪውን ክፍልዎ ውስጥ ገብተን ላንብብልዎ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

አዴ ሙሉካ እጇን ከምስሩ አነሳች። እሺ ማለት እችል ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ መክተት እችል ነበር። ነገር ግን ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ድምፅ መሀል ላይ ሊቋረጥብኝ ሆነ። «አንብቢው» አልኳት።

«እስር ቤት ስላስገባህ ነገር በወረቀት አልጠይቅህም። ስለ ሞተው ሰውም አልጠይቅህም። ስመጣ አንተው በአፍህ ትነግረኛለህ። ካልቻልክ ዝም ብለን አብረን እንቀመጣለን። እዚያ የተማርከውን ስፌት ደግሞ ታስተምረኛለህ።»

ከዚህ የሚበልጥ ቃል በሕይወቴ ማንም አልጻፈልኝም። ቀና ስል አዴ ሙሉካ ቆማለች።

«ሰው ነው የገደልከው?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ስፌት ላይ ነበርኩ አላልከኝም?»

«ስፌትም ላይ ነበርኩ።»

አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ከሊል፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ በሬን የሚዘጋልኝ ባል የለኝም። ደም ፈላጊ ሲመጣ የትኛው ክፍል የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ፈልግ» አለችኝ።

ጉማው ወጥቷል ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የዳቢሴን እናት ይቅርታ ቤት መከራያ ላደርገው አፈርኩ። እንዲህ ሆነ እንግዲህ፤ የልጄ ደብዳቤ ቤቴን ይዞብኝ ሄደ። ልጄን በአደባባይ ጥዬ አላሳድራትም። አትላኪያት።

ከሊል

---

ሮቤ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈርዶሳ፤

ያለፈውን ደብዳቤ ቅደጂው። ላኳት፣ ላኳት፣ ላኳት። አብዶ የእጄን ጽሑፍ ፈልጎ የለ? ይኸው ሦስቴ ጻፍኩለት።

ለአዴ ሙሉካ ስለ ጉማው የነገረቻት ሸዋርጋ ናት። እሷም ከወዚር ሰምታ ነው። አዴ ሙሉካ ለእኔ ሳትተነፍስ ወንድሟን ሲናና ላከችው፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ዳቢሴ እናት። አሮጊቷ ያለችውን ሰውዬው እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ «ልጄን ገደለ። ሰባት ዓመት ታሰረ። ሚስቱ ሞተች። በገበታዬም በላ። ከእንግዲህ ምን ይሁን ትላላችሁ? አከራዩት።» ይቅር ብየዋለሁ አላለችም። አከራዩት ነው ያለችው።

አዴ ሙሉካ «ለምን አልነገርከኝም?» ብላ ተቆጣችኝ። «አፈርኩ» አልኳት። «ሰው በገደለው ያፍራል እንጂ በታረቀው ያፍራል?» አለችኝ። ልጅህን አምጣ፣ ከልጆቼ ጋር ትማራለች ብላኛለች። አልጋውም ደርሷል።

ስድስት ቀን ብታገሥ ኖሮ ያን ደብዳቤ አልጽፈውም ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ገብሱን የበሉት በሬዎች የዳቢሴ አልነበሩም። የሌላ ሰው መሆናቸውን የሰማሁት በማግሥቱ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሆኜ ነው። ያኔም አንድ ቀን መቆየት አቅቶኝ ነው።

ይህን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ፤ ቶሎ ይደርስሻል።

ከሊል

---

አሰላ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከሊል፤

ምን ብዬ ሰላም ልበልህ።

የነሐሴ 9 ደብዳቤህ ሲደርስ ፈይሩዝ አዲስ አበባ ከገባች አራተኛ ቀኗ ነበር። ትናንት ጂዳ ገብታለች ብለውናል። አብዶን አትርገመው። እኔም የደበቅሁህ አለኝ፤ ፓስፖርቱ ሰኔ ላይ ስጽፍልህ ወጥቶ ነበር። እንዳትደነግጥ ብዬ ዋጥኩት።

ግን አብዶ አይደለም የላካት። ልንገርህ፣ ስማኝ። የነሐሴ 3 ደብዳቤህ ሲመጣ ለብቻዬ ላነበው ፈልጌ ነበር። «የአባቴ ነው፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው» ብላ ትከሻዬ ላይ ቆመች። ቤት የለኝም የሚለውን አነበብኩ። የግቢውን ነገር አነበብኩ። «የልጄ ደብዳቤ ቤቴን ይዞብኝ ሄደ» የሚለው ላይ ስደርስ ልዘለው ፈለግሁ፤ አፌ ቀደመኝ። ያንን ባትጽፈው ምን ነበረበት፣ ከሊል?

ያን ቀን አላለቀሰችም። ሳህኖቿን አጥባ ጨረሰች፣ እጇን ጠረገች፣ አብዶና ደላላው ወደተቀመጡበት ሄደች። «ጂዳ ስንት ዓመት ሲሠራ ነው ሮቤ ላይ ቤት የሚገዛው?» አለቻቸው። አብዶ አንገቱን ደፋ። ደላላው «ጎበዝ ከሆንሽ ሁለት ዓመት» አላት። «እንግዲያው እሄዳለሁ» አለች።

እንዳትሄድ በሩ ላይ ያዝኳት። «አክስቴ፣ ከቤቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ማንም ውጣ የማይለውን ቤት እሠራለታለሁ።»

በጎረቤታችን ስልክ እደውላለሁ ብላለች። መቼ እንደሆነ አላወቅንም።

ፈርዶሳ

---

ሮቤ፣ መስከረም 6 ቀን 1992 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለእህቴ ለፈርዶሳ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ለአብዶም ሰላምታዬን ንገሪው፤ በልቤ የያዝኩበት የለም። በአንቺም የለኝም። ሳምንታት ብዕር ማንሳት አቅቶኝ ነበር፤ ብዕር ሳነሳ ምን እንደምጎዳ እየፈራሁ።

«አሁን እንዴት ነህ?» ብለሽ በሰው ልከሽብኛል። እሰግዳለሁ፣ እሰፋለሁ። አልጋው ላይ እስካሁን ማንም አልተኛበትም፤ እኔ ሰሌኑ ላይ ነኝ። ሸዋርጋ የፈይሩዝን ደብዳቤ በየሳምንቱ ታነብልኝ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ እሷም አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ ማስቸገር ትቻለሁ።

ሰኞ ዕለት አዴ ሙሉካ ቀበሌ ወስዳ አስመዘገበችኝ። ያው ጸሐፊ ነው። የመፈቻ ወረቀቴን አሁን ሙሉ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ፤ የቤት ባለቤት ከጎን ሲቆም ወረቀትም ይነጻል መሰለኝ። «የቤተሰብ ብዛት?» አለኝ።

«ሁለት።»

«ሁለተኛዋ ማን ናት?»

«ልጄ።»

ዞር ዞር ብሎ አየ። «የት አለች?»

አዴ ሙሉካ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «መንገድ ላይ ናት! ጻፈው!»

ጻፈው። መታወቂያዬን ይዤ ወጣሁ። እውነት ተናገርኩ፣ ቤት አጣሁ፤ ዝም አልኩ፣ አገኘሁ፤ አሁን ደግሞ ሁለት ነን አልኩ። ይህኛው አላህ ዘንድ ውሸት ይሁን ዱዓ መለየት አቃተኝ። ዱዓ አድርጎ እንዲቀበልልኝ እለምነዋለሁ።

እህቴ፣ ስትደውል የምትነግሪያትን ልጻፍልሽ። ጥፋቱ የአንቺ ደብዳቤ አይደለም በያት፤ የእኔ ችኮላ ነው። እኔ ከቤት አልወጣሁም በያት። ቤት አለኝ፣ ስሟም ቀበሌ መዝገብ ላይ አለ። ለቤት ብላ እዚያ አንድ ቀን እንዳትጨምር።

ስልኩ ይቆረጥ ይሆናልና ከሰላምታው በፊት ይህን ንገሪያት።

ከሊል